ከማንኪራ የመጣው ሰም

ይህን ለእናቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ ልናገር፤ አታውቁኝም፣ ፊታችሁንም አላየውም።

የክፍል ጓደኛዬን የአልማዝን አባት ስም ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እኔ።

ቦንጋ ሃይስኩል ሳለን፣ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያደገ መምህራችን ከክፍል በኋላ የእንጨት ጀልባ ያሠራን ነበር። «ቲቸር፣ ቦንጋ ላይ ጀልባ ምን ያደርጋል?» ብለን ሳቅንበት።

«ሳጥን ብታበላሹ እንኳ ልብስ ትከቱበታላችሁ፤ ጀልባ ብታበላሹ ትሰምጣላችሁ» አለን።

መለካት፣ መጋዝ፣ መላግ ተማርን። አልማዝ ከሁላችን ትበልጥ ነበር፤ አናጢ መሆን ነበር ምኞቷ። የጣውላውን መጋጠሚያ የምንደፍንበትን ሰም ያመጣችውም እሷ ናት፤ ማንኪራ ካለው ከአባቷ ቀፎ።

መጀመሪያ መጋጠሚያው ውስጥ ጥጥ ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ የቀለጠ ሰም ይፈስበታል። የመጨረሻው መጋጠሚያ የእኔ ነበር። እኔ ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም፤ ሰለቸኝ። ጥጡን ትቼ ሰሙን ብቻ አፈሰስኩበት። ከላይ ሲያዩት ያምራል። ማን ያውቃል?

ጀልባዋን ኩሬ ላይ ስናወርዳት በእኔ መጋጠሚያ በኩል ውኃ አስገባች። ቲቸር ወደ እኔ ዞረ። «ጥጥ ጠቅጥቀሻል?»

«ጠቅጥቄያለሁ! ሰሙ ነው እንጂ፤ የሆነ ነገር ተቀላቅሎበታል።»

ለምን እንዲህ አልኩ? ሌላ ሰበብ ጠፍቶ ነው? ለንብ አርቢ ከዚህ የከፋ ስድብ አለ? ልጆቹ ወዲያው ተቀበሉኝ። «አልማዝዬ፣ አባትሽ ማሩንስ ከስኳር ነው የሚሠሩት?» አልማዝ አየችኝ። «ቀልዴን ነው በያቸው» የሚል ዓይን ነበር። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

በማግስቱ ቀረች። መጋጠሚያዬን ከገበያ በተገዛ ሰም እንደገና ደፈንኩት፤ ያን ጊዜ ግን ጥጡን ደህና አድርጌ ጠቀጠቅኩ። ጀልባዋ ተንሳፈፈች። ውሸቴ እውነት መሰለ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። አልማዝ ከዚያ ወዲያ መላጊያ አልነካችም።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ አገኘኋት፤ ማር ትሸጣለች። ቀድማ ሳመችኝ። «አንቺ፣ ጠፋሽ እኮ! እስቲ ያ ሰም ምን እንደነበረበት ንገሪኝ። አባዬ እስካሁን ይጠይቀኛል።»

«ቸኩያለሁ» ብዬ ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ።

ትናፍቀኛለች። ጎኗ ቆሜ ጣውላ መላግ፣ ፀጉሯ ላይ የረገፈውን ሰጋቱራ እያራገፍኩላት መሳቅ ይናፍቀኛል። ናፍቆቴን ግን እንደ ንስሐ አትቁጠሩልኝ። ይቅርታ የሚጠየቀው ማንኪራ፣ አባቷ ደጅ ነው። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ አልሄድኩም።