እህቴ ታማ «አምሮብሻል» ይሏታል

ዛሬ ጠዋት እንጅባራ ላይ ታናሽ እህቴ ከባጃጅ ስትወርድ ተዝለፍልፋ እጄ ላይ ወደቀች።

አስራ ሰባት ዓመቷ ነው። ይዣት ወደ ሆስፒታል ስሮጥ ሕፃን ልጅ የተሸከምኩ ነው የመሰለኝ።

ሐኪሟ የልብ ምቷን አዳምጣ ደነገጠች። «ምግብ ትበያለሽ?» ስትላት እህቴ አለቀሰች።

«እበላለሁ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አስመልሰዋለሁ።»

ዓመት ሙሉ እንዲህ ስታደርግ ኖራለች! እኛ ጨጓራ ነው ብለን ተልባ እናጠጣታለን።

ሐኪሟ ይህ ቅብጠት ሳይሆን ሕመም መሆኑን ነገረችን። አንዳንዱ ውፍረት ፈርቶ ራሱን ያስርባል፤ አንዳንዱ እንደ እህቴ በልቶ ያስመልሳል፤ ሌላው ሆዱ እስኪያመው በልቶም ማቆም ያቅተዋል። ማስመለሱ ጥርስ ይጎዳል፣ የሰውነትን ጨው ያዛባል፣ ልብንም ሊያቆም ይችላል።

ይህን እየሰማን ጎረቤታችን ልትጠይቃት ገባች። ግሉኮስ የተሰካላትን ልጅ አይታ «ውይ፣ እንዴት አምሮብሻል! ሸንቃጣ ሆነሻል!» አትልም መሰላችሁ!

«እትዬ፣ ልጅቷ ልትሞትብን ነበር እኮ!» ብዬ ጮህኩ። ነርሷ ከክፍሉ አስወጣችኝ። (እሷን ሳይሆን እኔን!)

ከሁሉም በላይ የተናደድኩት በራሴ ነው። እንግዳ ፊት «ድንቡሼ» እያልኩ የሳቅኩባት እኔ ነኝ። ይቅርታ ስጠይቃት «አንተ ብቻ አይደለህም፣ ሁሉም ሰው ነው» አለችኝ። ይህ መልስ ከስድብ በላይ አመመኝ።

አሁን ትንሽ ተሽሏታል፤ ሕክምናዋ ግን ገና መጀመሩ ነው። ይህን የጻፍኩት ፈቅዳልኝ ነው።

በእናንተ ወይም በቤታችሁ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ ከሆነ ጻፉልን። እህቴ አልጋዋ ላይ ሆና ታነባለች፤ ብቻዋን እንዳልሆነች ትወቅ።