ከጀጎል የመጣው ልብስ ሰፊ ሕመም

ሊይዙኝ የመጡት ተመላላሽ በሽተኞችን እያየሁ ሳለ ነው። ሁለት ነበሩ፤ ሲቪል ለብሰዋል። አልጋው ላይ የተኙትን እናት ሆድ እየነካሁ ስለነበር ጓንቴን እስካወልቅ ጠበቁኝ። በሠራተኞች ስብሰባ ላይ በተናገርኩት ነገር እንደሆነ መንገድ ላይ ገመትኩ እንጂ የነገረኝ የለም። ከሰዓት በኋላ እዚሁ ሐረር ውስጥ፣ ድሮ መጋዘን የነበረ ክፍል ተከፈተልኝ። መጀመሪያ የተቀበለኝ የላብና የበረኪና ሽታ ነው። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ሰዎች እግራቸውን ሰብስበው ቦታ ሲለቁልኝ አየሁ።

ከጎኔ የሚተኛው ልብስ ሰፊ ነበር፤ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ጊደር መጋላ ገበያ አጠገብ ሱቅ ያለው፣ ሠላሳ ያልሞላው ሰው። ለምን እንደታሰረ ስጠይቀው "ወላሂ፣ እነሱም አላወቁትም" አለኝ። ከሱ ቀጥሎ ከሰሜን ተመድበው መጥተው ሐረር ያረጁ መምህር ነበሩ። ክፍሉ ውስጥ ሁሉም የሚሰማው እሳቸውን ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ልብስ ሰፊው እየሰገደ ሳለ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ሱጁድ ወርዶ ግንባሩን መሬት ያስነካ መስሎን ተውነው። ሲቆይብን መምህሩ ትከሻውን ነኩት። ፊቱ በላብ ርሷል። ወዲያው አስመለሰው።

"ምንህን ነው?" አልኩት።

"ሆዴን ነው።"

የእስር ቤቱ ጤና ረዳት በሩ ላይ ቆሞ አየው፤ የጨጓራ ክኒን ሰጥቶት ሄደ። እስረኞቹ ትርፍ አንጀት ነው አሉ። እኔም በልቤ ያንኑ ይዤ ነበር መመርመር የጀመርኩት። ሆዱ ግን ለስላሳ ነው። ትኩሳትም የለውም። ትርፍ አንጀት ብዙ ጊዜ እምብርት አካባቢ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ይወርዳል፤ እሱን በአንድ ጊዜ ነው የያዘው። እጄ ወደ ቀኝ ብሽሽቱ ሲጠጋ ያዘኝ። የያዘኝ ስላመመው ብቻ አልመሰለኝም።

"ታች ማየት አለብኝ" አልኩት በጆሮው።

"እዚህ? ሰው ሁሉ ባለበት?"

መምህሩ ሰምተዋል። ምንም ሳይጠይቁ ጋቢያቸውን አወለቁና አንዱን ጫፍ አጠገባቸው ላለው ሰው አስያዙት። "ፊታችሁን ወደ ግድግዳ" አሉ። ክፍሉ በሙሉ ጀርባውን ሰጠን።

ብሽሽቱ ውስጥ ጠንካራ እብጠት አለ፤ ሲነካ አያስችለውም። ከታች፣ የቆለጡ ከረጢት በቀኝ በኩል ባዶ ነው።

"ከልጅነትህ ጀምሮ ነው?"

ዓይኑን ጨፈነ። "እናቴ ብቻ ነበረች የምታውቀው። አላህ ይርሐማት።"

አንዳንድ ወንድ ልጅ ሲወለድ አንዱ ቆለጥ ወደ ቦታው ሳይወርድ ይቀራል። በሕፃንነቱ ከታየ በቀላል ቀዶ ጥገና ይስተካከላል። ካልታየ ደግሞ፣ አልፎ አልፎ፣ ተሸሽጎ ባለበት ይጠመዘዝና የራሱን የደም ሥር ያንቃል። በሥራ ዘመኔ ያየሁት ጥቂት ነው። ሰዓታት ካለፉ ቆለጡ ይሞታል፤ እዚያው ከቀረም ሰውየውን ይመርዛል።

ይህንን በዝግታ ነገርኩት። ከጀጎል በሮች በአንዱ፣ በፈላና በር አካባቢ፣ የታጨችለት ልጅ ነበረችው።

"ልጅ አልወልድም ማለት ነው?"

"ግራው ደህና ነው፤ አንዱ ይበቃል። አሁን ግን ሆስፒታል መግባት አለብህ።"

"ለሰው አይንገሩብኝ፣ ዶክተር።"

"ለሚያክምህ ሐኪም ብቻ ነው የምናገረው።"

በሩን ደበደብኩ። ጠባቂው ኃላፊውን ጠርቶ መጣ።

"ምንድን ነው በሽታው?" አለ ኃላፊው።

"አሁኑኑ ቀዶ ጥገና የሚፈልግ ነው።"

"ስሙን ነው የጠየቅኩህ።"

"ስሙን ለሐኪሙ እነግረዋለሁ።"

"አንተ እዚህ እስረኛ ነህ እንጂ ሐኪም አይደለህም።"

"ሁለቱንም ነኝ" አልኩት።

ዘግቶብኝ ሄደ። እንደገና ደበደብኩ። መዳፌን ሲያመኝ በክርኔ ቀጠልኩ። ጠባቂው ጨለማ ቤት እንደምገባ ነገረኝ።

"እሺ" አልኩት፣ "እሱን ካደረሳችሁት በኋላ አስገቡኝ።"

መምህሩ መጥተው አጠገቤ ቆሙና በሩን መምታት ጀመሩ። ከዚያ ሌሎቹም ተነሱ። የጮኸ ሰው አልነበረም፤ የሚሰማው የቆርቆሮው በር ብቻ ነው።

ኃላፊው ሲመለስ ተቆጥቶ ነበር። መምህሩ ቀደሙት። "ልጄ፣ ጥፋተኛ ከሆነ፣ በኋላ ትፈርዱበታላችሁ። አሁን መኪና ስጡት።"

"ምኑን እንዳመመው ሳላውቅ አላስወጣም" አለ ኃላፊው።

ለልብስ ሰፊው ቃል ገብቼ ነበር። ከኋላዬ ኮሽታ ሰማሁ። ልብስ ሰፊው ግድግዳውን ይዞ ተነስቷል። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆለፈ። "እኔ እነግርዎታለሁ" አለና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ቃሉን ሳያለባብስ፣ ምን እንደሆነ ተናገረ።

ኃላፊው መሬት መሬቱን አየ። "መኪና አምጡ" አለ።

አብሬው እንድሄድ አልተፈቀደልኝም። ለሐኪሙ የሚለውን በር ላይ አስጠናሁት፤ "ትርፍ አንጀት አይደለም፤ ያልወረደ ቆለጥ ነው የተጠመዘዘው።" እሱም ደጋግሞ አለልኝ።

ከቀናት በኋላ ከስቶና ጎብጦ ተመለሰ። "ጠቁሮ ነበር፤ አወጡት" አለን ተቀምጦ፣ ለሁላችንም። ቀዶ ሐኪሙ፣ ባይጠመዘዝም እዚያ መቆየቱ አንድ ቀን ካንሰር ሊያመጣበት ይችል እንደነበር ነግሮታል። "አልሐምዱሊላህ" ብሎ ተጋደመ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ጥግ ላይ የሚተኙ አንድ አዛውንት ቀስ ብለው ወደ እኔ መጡ። ለሳምንታት ሆዴን እያሉ ሲያቃስቱ እሰማቸው ነበር። "ዶክተር" አሉኝ፣ "እኔም ሆዴን አይደለም። ሽንቴ ደም ነው።" መምህሩ ጋቢያቸውን አነሱ።

ሁላችንም በተለያየ ጊዜ፣ ምክንያቱ ሳይነገረን ተፈታን። ልብስ ሰፊው ዛሬም እዚያው ሱቁ ውስጥ ይሰፋል፤ ሁለት ሴት ልጆች አሉት። እኔም ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። አሁን አንድ ወንድ "ሆዴን ነው" ብሎ ሲመጣ በሩን ዘግቼ ወንበሬን ወደሱ አስጠጋለሁ። አልቸኩልም። ሌላውን እስኪነግረኝ እጠብቃለሁ።