አራት እርምጃ የማይሞላ ሜዳ

የያዙኝ አቃቂ በሰቃ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ስድስት ግጥም በአሥር በአሥር ቅጂ አስባዝቼ፣ ወረቀቱን ገና ትኩስ እንደሆነ ደረቴ ላይ አቅፌው ነበር። ሁለት ሰዎች ገቡ። አንደኛው ከላይ ያለውን ገጽ አንብቦ፣ "ያንተ ነው?" አለኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ግጥሜን ከእኔ በቀር ያነበበ ሰው አልነበረም። "አዎ" ስል ትንሽ ኩራት ነበረብኝ። አሁንም ድረስ በዚያች "አዎ" እስቃለሁ።

ቃሊቲ ወዳለ አንድ ማቆያ ወሰዱኝ። የክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። አሥር ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው እግራቸውን ወደ መሃል ዘርግተዋል፤ ሲሚንቶው የሚታየው በእግሮቹ መካከል ብቻ ነው። ላብ፣ በረኪናና ያደረ ሽሮ ይሸታል። ሥራዬ የብረት በር ብየዳ ስለሆነ ዓይኔ ወደ በሩ ማጠፊያ ሄደ። በስንፍና የተበየደ ነበር። ቢሆንም ይዘጋል።

መቀመጥ አልቻልኩም። ከበሩ እስከ ግድግዳው ሦስት እርምጃ ተኩል ነው። እየሄድኩ፣ እየዞርኩ፣ የሰው ቁርጭምጭሚት እየረገጥኩ ይቅርታ እላለሁ። የክፍሉ ካቦ፣ ሥርዓት የሚያስከብረው ሰው ማለት ነው፣ ወሎ ያደገ ግዙፍ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሰግዶ ሲጨርስ ዞር ብሎ፣

"ወንድሜ፣ በአላህ ተቀመጥ። አንተ ስትዞር እኔን መንገድ ያምረኛል" አለኝ።

ከጥግ አንድ ሽማግሌ ሳቁ። ሰባውን ያለፉ፣ ኮታቸውን እስከ ላይ የቆለፉ ሰው ናቸው። የቀኝ እጃቸው ጥፍሮች ረዘም ብለው በጥንቃቄ ተሞርደዋል።

"ተወው" አሉት። "ይኼ ልጅ ግልቢያ ነው ያማረው። ዘጠኝ ሰዓት ይድረስ።"

ዘጠኝ ሰዓት ምን እንደሆነ በዚያው ቀን አወቅሁ። ቤተሰብ ያመጣው ስንቅ ከተበላና ሳህኑ ከተመለሰ በኋላ፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው እኚያ ሽማግሌ ባዶውን ቢጫ ጀሪካን ጉልበታቸው መሃል አስገብተው በጣታቸው ይመቱታል። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሶምሶማ። ከዚያ እየፈጠነ። ከዚያ ይናገራሉ።

የሚናገሩት ስለ አንድ ውድድር ብቻ ነው። ቤተሰባቸው የአቃቂ ዙሪያ ገበሬ ነበር። በዚያ አገር ደንብ ሰው የሚጠራው በፈረሱ ነው፤ የፈረሱ ስም ላይ "አባ" ተጨምሮ የባለቤቱ መጠሪያ ይሆናል። አባታቸው ጥቁር ግንባረ ቦቃ ውርንጭላ ሲሰጧቸው፣ ጋሼ በሃያ ዓመታቸው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገብተው፣ አፍሮ አበጥረው፣ እግሩ የሰፋ ሱሪ ለብሰው፣ በፋብሪካው ክበብ ባንድ ውስጥ ኤሌክትሪክ ጊታር ይጫወቱ ነበር። ከድሬዳዋ በባቡር የሚመጣ የሮክ ሙዚቃ ሸክላ ይሰማሉ፣ ቃሉን ሳይረዱ የሰሙትን ይዘፍናሉ። ፈረሱን "ሮክ" አሉት።

"አባቴ ሦስት ሳምንት አላናገረኝም" ይላሉ። "የወንድ ልጅ ፈረስ መብረቅ ይባላል፣ ነበልባል ይባላል። አባ ሮክ ብሎ ማን ይፈራሃል? አለኝ።"

"እውነታቸውን ነው" ይላል ሾፌሩ።

"አንተ ዝም በል፣ አባ ነጎድጓድ።"

ሾፌሩን አባ ነጎድጓድ ያሉት ስለሚያንኮራፋ ነው። ለሁላችንም ፈረስ ሰጥተውናል። አንድ አፉን የማይከፍት ተማሪ አባ ጭጋግ ተባለ። እኔ ደግሞ ትልቅ ስም ስጠብቅ፣ አላርፍ ስላልኩ አባ ቁንጫ ሆንኩ። የሚተርኩት የጥንቱን ውድድር፣ የጥንቱን ሜዳ ነው፤ ተፎካካሪዎቻቸው ግን እኛ ነን። ሜዳው ላይ ጤዛው፣ የኮርቻው ቆዳ ሽታ፣ ዳር ላይ ቆሞ በሁለት ዱላ ባዶ በርሜል የሚደበድበው የባንዱ ድራመር፣ ሁሉም ይመጣል። "ኮቱ፣ ኮቱ!" ይላሉ ፈረሳቸውን በኦሮምኛ፣ ና፣ ና እያሉ። ጀሪካኑ ሽምጥ ይጋልባል። በዚያች ሰዓት ብቻ እግሬ መራመድ አይፈልግም። ተቀምጬ እሮጣለሁ።

ከዚያ የመጨረሻው መታጠፊያ ይደርሳል፤ ሮክ እየመራ ነው። ልክ እዚያ ላይ ጋሼ እጃቸውን ጀሪካኑ ላይ ጥለው ዝም ይላሉ። ብንለምናቸው "ቆጠራ ሊመጡ ነው" ይላሉ። እውነትም ብዙ ጊዜ ጠባቂው ሊቆጥረን ይመጣል። በማግስቱ ውድድሩ እንደ አዲስ ይጀመራል። ሾፌሩም ይከራከራል፤ "ትናንት መታጠፊያው ላይ ሁለተኛ ነበርኩ፣ ዛሬ እንዴት ስድስተኛ እሆናለሁ?"

ጥፋቴ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ክርክሩን ለመዳኘት ብዬ በብስኩት ካርቶን ጀርባ፣ ከየት እንደመጣ በማልናገረው የእስክሪብቶ ቀፎ፣ የየቀኑን ተራ መጻፍ ጀመርኩ። አንደኛ አባ ሮክ፣ ሁለተኛ አባ ነጎድጓድ፣ እያልኩ እስከ አሥራ አንድ። መጻፍ ከልማዴ አልወጣ ብሎኝ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ፍተሻ ገቡ። ካርቶኑን ከፍራሽ ሥር አወጡት። ጠባቂው አነበበ፣ ቀና ብሎ ቆጠረን፣ እንደገና አነበበ። አሥራ አንድ ስም፣ አሥራ አንድ ሰው።

መርማሪው ወጣት ነው፤ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

"ይህ መዋቅር ነው" አለኝ። "ተዋረድ አለው። ዋናው አባ ሮክ ነው። ምክትሉ ይለዋወጣል። አባ ነጎድጓድ ማን ነው?"

"ሾፌሩ።"

"ለምን?"

"ያንኮራፋል።"

"አባ ቁንጫስ?"

"እኔ ነኝ።"

ትንሽ አየኝ። "እንዲህ ያለ ስም ሰው በፈቃዱ ይይዛል?"

"በፈቃዴ አይደለም።"

ስለ ግልቢያው ነገርኩት። ስናገር ለራሴም ውሸት መሰለኝ። እስክሪብቶውን እያሽከረከረ አዳመጠና፣ እንደ ሐኪም ለስለስ ባለ ድምፅ መውጫ አሳየኝ። ሽማግሌው ዓርብ በዋስ ሊለቀቁ ታስቧል። ይህ ካርቶን መዝገባቸው ውስጥ ከገባ ግን ማጣራት ይፈልጋል፣ ዓርብ ይቀራል። ስለዚህ በእጄ እንድጽፍ ፈለገ፤ ሰውዬው በዕድሜ ምክንያት አእምሯቸው የተነካ ነው፣ ይቃዣሉ፣ እኔም ቅዠታቸውን ለጨዋታ ጻፍኩት። "እሳቸውም ይሄዳሉ፣ ያንተም ነገር ይቀላል" አለ። "ከምሳ በኋላ ትጽፍልኛለህ።"

ዓርብ ለጋሼ ምን እንደሆነች ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። ያ በርሜል ይደበድብ የነበረው ድራመር ሳሪስ ነው የሚኖረው። ሰውነቱ ግማሹ ሽባ ሆኗል፣ መናገር አይችልም። ጋሼ ለዓመታት በየማለዳው በታክሲ እየሄዱ ይላጩታል፣ ያጎርሱታል። ከእሳቸው እጅ ካልሆነ አይጎርስም። ያ የግልቢያ ሜዳ ለኮንዶሚኒየም ሊወሰድ ሲል በተጠራ ስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው ተናግረው ከተያዙ አርባ ቀን አልፏል። ጓደኛቸው የት እንደሄዱ እንኳ ያውቅ እንደሆነ ጋሼ አያውቁም።

ተመልሼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ምሳ ቀርቧል፣ የነካው የለም።

"ይጻፍ፣ ጋሼ" አለ ሾፌሩ። "እብድ ቢባሉ ምን ይጎድልብዎታል? ወጥተው እኛን ይሰድቡናል።"

"አባቴ እብድ ብሎኛል" አሉ ጋሼ። "ፈረሱን ሮክ ያልኩ ቀን። ሚስቴም ብላኛለች። እነሱ ሲሉኝ ያምርብኛል።" እጃቸውን ተመለከቱ። "ዓርብ ሄጄ ስላጨው ያየኛል። አይናገርም፣ ዓይኑ ግን ይጠይቃል። በምን ወጣህ? ይለኛል። ፈረሳችንን ቅዠት ነው ብዬ ወጣሁ ልበለው? እዚያ ሜዳ ላይ እኮ አብሮኝ ነበር። ከሱ ሌላ ምስክር አልቀረልኝም።"

"ታዲያ ምን ልጻፍ?" አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ለራሴም ፈርቼ ነበር።

"የሆነውን።"

"የሆነውንማ አላውቀውም፣ ጋሼ። መጨረሻውን ነግረውን አያውቁም። ያለመጨረሻው ማን ያምነኛል?"

ጀሪካኑን በእግራቸው ገፋ አደረጉት።

"ሦስተኛ ነው የወጣሁት" አሉ።

ሾፌሩ በጉልበቱ ተጠጋቸው።

"ከመታጠፊያው ስወጣ እየመራሁ ነበር። ያ በርሜል የሚደበድበው ጓደኛዬ ያየኝ እንደሆነ ለማየት ዞር አልኩ። ፈረስ ይህን ያውቃል፤ ጋላቢው ዞር ካለ ይለዝባል። ሁለቱ አለፉኝ። በቃ።"

"ይኼን ሁሉ ቀን ለምን ደበቁን?" አለ ሾፌሩ።

"እዚያ መታጠፊያ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እየመራሁ ነው። ለምን ልጨርሰው?"

ሾፌሩ ግን አልተዋቸውም። "ያለፉዎት ሁለቱ እነማን ናቸው?"

"አንዱ አንተ ነህ።"

"አልሐምዱሊላህ። ሌላውስ?"

ጋሼ ወደ እኔ ጠቆሙ። "ይኼ ቁንጫ ነው እንጂ ማን ይሆናል?"

በዚያ ቀን በዘጠኝ ሰዓት ጀሪካኑ አልተመታም። እኔ መርማሪው ፊት ተቀምጬ ቃል መስጫ ቅጹ ላይ እጽፍ ነበር። የፈረሱን ቀለም፣ የሜዳውን አቅጣጫ፣ የበርሜሉን ድምፅ፣ አሥራ አንዱ ስም ለማን ለምን እንደተሰጠ፣ እያንዳንዱን ጻፍኩ። ቤት አልመታሁም፣ ቃል አላስጌጥኩም። መጨረሻ ላይ "አባ ሮክ ሦስተኛ ወጣ። ሰውዬው ጤነኛ ናቸው" ብዬ ፈረምኩ። ከዚያ በፊት የጻፍኩት ሁሉ ይህን ያህል ቀጥ ብሎ አልቆመም።

መርማሪው ሁለቴ አነበበው። "ሦስተኛ?" አለ።

"ሦስተኛ።"

"ለውሸት ቢሆን አንደኛ ትለው ነበር" አለና ቅጹን አጠፈው።

ዓርብ አልተጠሩም። ቅዳሜም፣ ሰኞም። እኔ ሦስት እርምጃ ተኩሌን ስመላለስ ሾፌሩ እንኳ ተቀመጥ አላለኝም። ጋሼ ቅር የተሰኙ አይመስሉም ነበር፤ ግን ጥፍራቸውን መሞረድ ትተው ነበር። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ መሰለኝ።

ረቡዕ ረፋድ ላይ በሩ ተከፈተና ጠባቂው የመዝገብ ስማቸውን ጠራ። "ዕቃህን ይዘህ ውጣ።"

ጋሼ ቀስ ብለው ተነሡ። ኮታቸውን ቆለፉ። ያኔ ሾፌሩ ሁለት እግሩን ሰብስቦ ጉልበቱን አቀፈ። ተማሪው ተከተለው። ከዚያ ሁሉም። ከጥግ እስከ በሩ ድረስ ሲሚንቶው ተገለጠ፤ ከገባሁ ጀምሮ ባዶውን አይቼው አላውቅም።

"ይለፉ፣ አባ ሮክ" አለ ሾፌሩ።

ጋሼ በዚያች ሜዳ ቀጥ ብለው አለፉ። ወደ ኋላ አልዞሩም።

እኔ የወጣሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ሳሪስ ሄጄ ቤቱን አጠያይቄ አገኘሁት። ድራመሩ ትራስ ተደግፎ፣ ግማሽ ፊቱ አረፋ ሆኖ፣ ጋሼ እየላጩት ነበር። እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳሳለፈ ጠየቅኋቸው። "ከስቶ ጠበቀኝ" አሉ። ምላጩን አስቀምጠው ለእሱም ለእኔም ውድድሩን ጀመሩ። ሰውዬው ደህናውን እጁን አልጋው ጠርዝ ላይ ይመታል፣ ልክ በሶምሶማው፣ ልክ በሽምጡ። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ጋሼ ዝም አሉ፣ እጁም ቆመ። ሁለቱም አዩኝ።

እኔም ዝም አልኩ።

አሁን በዚያ ሜዳ በኩል በታክሲ ሳልፍ ኮንዶሚኒየም ነው የማየው፣ በየበረንዳው ልብስ ተሰቅሏል። እግሬ ዛሬም አያርፍም፤ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ይቆጣኛል። ሦስተኛ የሚለው ቃል የተጻፈው አንድ ቅጽ ላይ ብቻ ነው፤ መርማሪው ካስቀመጠው ቦታ አይውጣ። ከዚያ ቅጽ ውጭ ያለነው ሰዎች ገና መታጠፊያው ላይ ነን። ሮክ እየመራ ነው።