የሙላት ክብሪት

የብርጓል ብቻዋን ወንዝ ወርዳ አታውቅም ነበር። ከደብረ ወርቅ ወጣ ብሎ፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለው መንደራቸው፣ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ከውኃና ከእሳት መጠበቅ የቤተሰብ ዕዳ ነው። በዘጠኝ ዓመቷ ምድጃ ላይ ወድቃ ግራ እጇ ከተቃጠለ ወዲህ፣ ጀሪካን ባነሣች ቁጥር ታላቅ ወንድሟ ሙላት ይከተላታል። ሙላት ሲጋራ አያጨስም፤ ኪሱን ግን ክብሪት ተለይቶት አያውቅም። ስትወድቅ ጭሮ ጭሱን ሊያሸትታት ነው። የክብሪት ጭስ ከዚያ በሽታ ማንን እንዳዳነ እስካሁን የነገረን የለም፤ እሱ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ጫረ። ሲራመድ ክብሪቱ ኪሱ ውስጥ ይንኮሻኮሻል። የብርጓል ያንን ድምፅ አምርራ ትጠላው ነበር።

ኋላ ክኒኑ መጣ። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ክትትል ጀመረች፤ ማታ ማታ ሳታጓድል ዋጠች፤ ዓመት ከመንፈቅ አንድ ቀን እንኳ ሳይጥላት አለፈ። እናቷ ስለታቸውን አስገቡ፣ ጎረቤቱም እልል አለ። ሙላት እንግዲህ ድነሻል፣ እንደ ሰው ብቻሽን ሂጂ ብሎ ክብሪቱን መደብ ላይ አስቀመጠው።

ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ደግ ሰዎች ናቸው። የሚያውቁት ግን የሚጥለውን ብቻ ነበር።

የብርጓል ቁልቁለቱን ስትወርድ ክብሪቱን ከኋላዋ ትሰማዋለች። ትዞራለች፤ ማንም የለም። ከቤት ስትወጣ መደቡ ላይ አይታው ነበር። እህል አልበላ አላት፤ እንቅልፍ ሸሻት፤ ውኃውን ቀድታ ለምን እንደቀዳችው ይጠፋታል። አፋፉ ጋ ስትደርስ እግሯ ይቆማል፣ ታች ታቹን ታያለች። አንድ ቀን ጀሪካኑን አስቀምጣ ጥላው እስኪዞር ድረስ ቆመች። የመለሳት የመኖር ጉጉት አልነበረም፤ ከታች ሰው ሲወጣ አይታ አፍራ ነው።

ለማን ትናገር? ቤት ዝም ስትል ቀን ወጥቶልሽ ደግሞ ታኮርፊያለሽ ይሏታል። ክትትል ስትሄድ ደግሞ ሙላት አለ። የምትከታተላት ነርስ፣ ሲስተር መቅደላዊት፣ ስንት ጊዜ እንደጣላት ስትጠይቅ የሚመልሰው እሱ ነው፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የእሷን የደበቀው ግን ወንድሟ ነው፣ ያውም በፍቅር።

በግንቦት በሬው ታመመና ሙላት ቀረ። የብርጓል ብቻዋን ሚኒባስ ተሳፈረች፤ ከኋላ ወንበር ክብሪቱ እየተንኮሻኮሸባት ደብረ ማርቆስ ገባች።

ሲስተር መቅደላዊት እንደ ልማዷ ጠየቀች። የብርጓል አልጣለኝም አለች፤ የሚቀጥልላት ሰው አልነበረም። ነርሷ ካርዱ ላይ ጽፋ ቀና ስትል፣ የብርጓል ከወንበሩ አልተነሣችም።

"ልብሽስ እንዴት ነው?" አለቻት።

"ሲጥለኝ የሚያነሣኝ ነበረ። አሁን ቆሜ ነው የምወድቀው፤ ማንም አያየኝም።"

ከዚያ ገደሉንም ክብሪቱንም እያለቀሰች ዘረገፈችው። ሲስተር መቅደላዊት በሩን ዘግታ ወንበሯን አስጠጋች። አንጎል ውስጥ ያለው ሁሉ እንደ መስኖ ቦይ እርስ በርሱ የተያያዘ መሆኑን፣ የሚጥለው በሚያልፍበት መስመር ሐዘንም ደስታም እንደሚያልፍ፣ ክኒኑ ጎርፉን ቢገታውም ቦዩ ተጎድቶ ሊቀር እንደሚችል ነገረቻት። የድብርት በሽታ ነው፣ የሚጥል በሽታ ካለባቸው ብዙዎቹን ያገኛቸዋል፣ ይታከማል አለቻት። ወደ አእምሮ ሐኪሙ ይዛት ገባች፤ ሙላት እስኪመጣም ብቻዋን አልለቀቀቻትም።

ሙላት ተደውሎለት በሬውን ለጎረቤት ጥሎ አመሻሹ ላይ ደረሰ። ነርሷ የሆነውን ሁሉ፣ እህቱ ብቻዋን መሆን እንደሌለባትም ጭምር አስረዳችው። ኮፍያውን አውልቆ እህቱ አጠገብ ተቀመጠ።

አገራቸው በተመለሱ ማግስት ጠዋት የብርጓል ጀሪካኗን አነሣች። ቁልቁለቱን ስትጀምር ክብሪቱ ከኋላዋ ተንኮሻኮሸ። ላለመዞር ጨከነች። ድምፁ ቀረበ፤ ሳል ተከተለው። ዞረች። ሙላት ክብሪቱ ያለበትን ኪሱን በእጁ ይዞ፣ እንደ ጥፋተኛ መንገዱ ላይ ቆሟል።

የብርጓል ጀሪካኑን መሬት አስቀምጣ እስኪደርስባት ጠበቀችው።