በሩን በረደው እንዴ?

ይሰማ! የቡናው ተራራ ንጉሥ፣ ባለ ቀዳዳ ባርኔጣው የአሮጌ ጂፕ ሾፌር ዙፋኑ ላይ ወጥቷል! በየበሩ ስንጥቅ የጆንያ ቁራጭ ይጠቀጥቃል።

«አያ፣ በሩን በረደው እንዴ?» ትስቃለች አንዲት ባለ ዶሮ ተሳፋሪ።

«ይህን ለፍላፊ በር ዝም ካላሰኘሁት፣ ከታች የሚያቃስተውን አልሰማም።»

ከታች ያለው ሦስቴ የተበየደው ሻንሲ፣ የጂፑ የብረት አጽም ነው። ቁልቁለቱ ላይ «ጧ!» ሲል የሾፌሩ ትከሻ ይሸማቀቃል። ለመንገድ አደጋ ሟቾች ነጭ መስቀል የተተከለበት መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ባርኔጣውን ያወልቃል።

የሻንሲውን ስንጥቅ ለባለ ጂፑ ለዶን ኤሊዬሴር ነገረው። ጌታው ለብየዳ ሳይሆን ለድምፅ ማጉያ እጁ ተፈታ፤ «ሙዚቃውን ልቀቀው፣ ጩኸቱ ይጠፋል!» አለ። ሾፌሩ የማጉያውን ሽቦ በጥርሱ በጠሰው።

ዶኑ አሁን ጆሮ የሌለው ሾፌር እያፈላለገ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ነገ ዘፈን የደመቀበት ጂፕ ላይ ስትሳፈር፣ እባክህ መጀመሪያ ሙዚቃውን አጥፋና ከታች የሚያቃስት እንዳለ አድምጥ…