እንስላል መስሎኝ፦ ከካላክላ እስከ ዐማራት

ከካላክላ የተነሳሁት ልጄ ወደ አፏ ልታስጠጋው ያለችውን ብርጭቆ ለማስጣል ነው። ልጄ ሰናይት እንግሊዝ አገር ናት፣ እኔ ካርቱም፣ ካላክላ ሰፈር። በመሃላችን ያለው ስልክ ብቻ ነበር፤ እሱም ያን ዕለት ሞቶ አደረ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ድሮ ዐማራት በሚባለው ሌላ የካርቱም ሰፈር ምግብ አበስልላት የነበረች እንግሊዛዊት አገሯ ስትገባ አንድ መጽሐፍ ትታልኝ ሄደች፤ የአገሯ የዱር አበቦች የተሳሉበት ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ እንግሊዝኛውን በፊደል ቆጠራ ነው የማነበው፤ ሥዕሉ ግን ትምህርት አይጠይቅም። ገና ስከፍተው ደነገጥኩ። ሳማ አለ። ማገት አለ። ጎርጠብ አለ። ትውልድ አገሬ ዳባት በልጅነቴ የረገጥኩት ሁሉ «የእንግሊዝ አበባ» ተብሎ ተቀምጧል። ይሄማ አግባብ አይደለም ብዬ የማውቃቸውን በየጎናቸው በአማርኛ ጻፍኩባቸው፤ ለማላውቃቸውም ስም አወጣሁላቸው። ሰናይት እዚያ ከገባች ወዲህ መንገድ ላይ ያየችውን ፎቶ አንስታ ትልካለች፣ እኔ ገጹን ፈልጌ ስሙን እነግራታለሁ። ናፍቆታችንን የምንወጣው በዚህ ነው።

ያን ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ጎረቤቴ ኢብቲሳም ቤት ግን የሽቦ መስመር ስላለ ማታ ማታ ስልኬን ይዤ እሷ ዘንድ እሄዳለሁ። በዋዜማው ሰናይት ከቦይ ዳር ያገኘችውን ላከችልኝ፤ ቅጠሉ እንደ ላባ የተበጣጠሰ፣ አበባ ገና ያላወጣ።

«እማዬ፣ እንስላል አይደለም? ከወለድኩ ወዲህ ሆዴን እየነፋኝ ነው።»

መጽሐፉን ቤት ትቼዋለሁ። ለእንስላል ደግሞ መጽሐፍ ልገልጥ ነው እንዴ?

«እንስላል ነው፤ ቀቅለሽ ጠጪ» አልኳት። ነገ ከምሳ በኋላ እጠጣዋለሁ አለች።

ጠዋት ከእንስላል ሥዕል ጎን ስሙን ልጽፍ መጽሐፉን ገለጥኩ። ጥቂት ገጽ አለፍ ብሎ የሰናይት ተክል ተቀምጧል። ግንዱ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ነጠብጣብ አለበት፤ ከሥዕሉ ሥር ትንሽ የራስ ቅል ተስሏል። የራስ ቅል አስተርጓሚ አይፈልግም። የላከችልኝን ፎቶ አጎላሁት። ነጠብጣቡ አለ።

ኢብቲሳም ቤት ሮጥኩ፤ መስመሩ ጠፍቷል። በቀጥታ ብደውል ይጮህና ይቆረጣል።

«ዐማራት አንድ ካፌ ኢንተርኔት አለው ይላሉ» አለችኝ ኢብቲሳም። «ግን ያ ሃጃ፣ ዛሬ መንገድ የለም።» ያ ሃጃ የሚሉት ትልቅ ሴትን ሲያከብሩ ነው።

ድንጋዩ ጋ

ወታደሮቹን በመቃወም ሰፈሩ ሁሉ ሥራ አቁሟል። ሱቁ ዝግ፣ ሃፍላ የሚባለው ሚኒባስ የለም። ኦስማን የሚባል ባለ ሪክሻ፣ የእኛው ባጃጅ ማለት ነው፣ በደህናው ቀን ከሚያስከፍለው ሦስት እጥፍ ጠየቀኝ። «ይሄ ዝርፊያ ነው» አልኩት። «ዝርፊያስ ነው» አለ እየሳቀ፣ «ግን ሌላ ሌባ ካገኘሽ ሂጂ።» ተሳፈርኩ።

ጥቂት እንደሄድን ዋናው መንገድ በድንጋይና በጎማ ተዘግቷል። የጎማው ጭስ ዓይን ያቃጥላል። ፊታቸውን በሻሽ የሸፈኑ ወጣቶች ከበቡን።

«ሀቦባ፣ ወዴት ነው?» አለ አንዱ። እዚህ አያትን እንዲህ ነው የሚጠሩት።

«ዐማራት። ልጄ መርዝ ልትጠጣ ነው። ድንጋዩን አንሱልኝ።»

እርስ በርስ ተያዩ። «ለአንቺ ካነሳን ከኋላሽ ያለው ሁሉ ምክንያት አለው። የወታደሩም መኪና ይገባል። በእግርሽ ግን እለፊ።»

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። ነገር ግን ልጁ እውነቱን ነው፤ እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የምለው። «ልክ ናችሁ» ብዬ ወረድኩ። ኦስማን ግማሹን ገንዘብ መለሰልኝ፤ ሳልጠይቀው።

በዚያ ፀሐይ በድንጋይ መሃል እየተረማመድኩ መጽሐፉን በነጠላዬ ጠቅልዬ ሄድኩ። ዘወትር የሚጮኸው ገበያ ጭጭ ብሏል። አርካዊት ከሚባለው ሰፈር ዞሮ የመጣ አንድ መኪና ከተዘጋው መንገድ ወዲያኛው ጫፍ አንስቶ ዐማራት አደረሰኝ።

ዐማራት

ካፌው ደጃፍ የነበረው ሰልፍ እስከ መንገዱ ማዞሪያ ይደርሳል። ከኋላ ቆምኩ። ወዲያው ክራባት ያሰረ ሰው ከጎን ሊሰካ ሲል እጅጌውን ያዝኩት።

«ሰልፍ አለ፣ ወንድሜ።»

«ጉዳዬ አስቸኳይ ነው፣ ያ ሃጃ።»

«የሁላችንም አስቸኳይ ነው። ያላ፣ ወደ ኋላ።»

ሰዉ ሳቀ፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ ከኋላዬ ቆመ። በዳቦ ሰልፍም እንዲህ ነኝ፤ ካላክላ ውስጥ እኔ ባለሁበት ማንም አይቀድምም።

ሰልፉ ግን አልንቀሳቀስ አለ። ፀሐይዋ አናቴን አለፈች። የእንግሊዝ ሰዓት ከእኛ ብዙ አይርቅም፤ ምሳ ደርሷል። ቆሜ ብጠብቅ ልጄ ትሞታለች፤ ብቀድም ያባረርኩት ሰው ከኋላዬ ነው። አፈርኩ። አፍሬም ጉዳዬን ጮኼ ተናገርኩ፤ መጽሐፉን ከፍቼ የራስ ቅሉን አሳየኋቸው። መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ።

ባለ ክራባቱም አየው። «የሁላችንም አስቸኳይ ነው ብለሽ ነበር» አለኝ።

«ብያለሁ።»

«ግቢ» አለ። ሌሎቹም መንገድ ለቀቁልኝ።

ገብቼ ደወልኩ፤ ሰናይት ቶሎ አነሳች።

«ጠጣሽው?»

«እማዬ፣ እየበረደልኝ ነው።»

«ድፊው።»

«አንቺ አይደለሽ ቀቅዪ ያልሽኝ? ሽታው ራሱ አይጥ አይጥ ይላል፣ አፍንጫዬን ይዤ ልጠጣው ነበር።»

«ተሳስቻለሁ። መርዝ ነው። እየሰማሁ ድፊው፤ ድስቱንም ጣይው።»

ውሃው ሲደፋ ሰማሁት። ከዚያ ሕፃኑ አለቀሰ፣ እሷም አለቀሰች። እኔ ሳላለቅስ ዘጋሁና ወጣሁ።

ባለ ክራባቱ እዚያው ጭራው ላይ ቆሟል። «ያንተስ ጉዳይ ምንድን ነው?» አልኩት። ይህን ቀድሞ መጠየቅ ነበረብኝ።

ስልኩን አሳየኝ፤ የሚስቅ ጎልማሳ። «ወንድሜ ነው። ወታደሮቹ ሰፈራችንን ካመሱ ወዲህ አልተመለሰም። ውጭ አገር ያሉ ሰዎች የጠፉትን ይመዘግባሉ፤ ፎቶውን ልልክላቸው ነው። ክራባቷም የእሱ ናት።»

ቅድም የጎተትኩትን ያንኑ እጅጌ ይዤ ወደ ፊት ወሰድኩት፤ በየሰዉ ፊት እየቆምኩ ጉዳዩን ነገርኩለት። ማንም እምቢ አላለም። ፎቶው መሄዱን ሳላይ ከዚያ አልተንቀሳቀስኩም።

መልስ፣ ካላክላ

ስመለስ ድንጋዩ ጋ ያሉት ልጆች «ሀቦባ፣ ደረስሽ?» ብለው ውሃ ሰጡኝ። «ደርሻለሁ» አልኳቸው። ቤቴ የገባሁት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ እግሬ አብጧል።

እንዳረፍኩ መጽሐፉን ከፈትኩ። ለዚያ ተክል በአማርኛ የማውቀው ስም የለኝም፤ ስለዚህ በንዴት «አስመሳይ» ብዬ ጻፍኩበት። ቆይቼ ሳስበው ይህም አግባብ አልመሰለኝም። እሱ እንስላል ነኝ ብሎ አያውቅም፤ ነጠብጣቡን አውጥቶ በግላጭ ቆሟል። እንስላል ያልኩት እኔ ነኝ። ባለ ክራባቱንም ጉዳዩን ሳልጠይቅ ወደ ኋላ ያባረርኩት እኔው ነኝ።

ሰረዝኩትና አዲስ ስም አወጣሁለት፦ ግንዱን እይ።