ማሽኑን ያበላሸው ነጭ ጋዝ አልነበረም

ይህን ነገር እስካለፈው ሳምንት ድረስ ለሰው ተንፍሼው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም። ጾም መግደፌን ነግሬአቸዋለሁ፣ ሰው መስደቤን ነግሬአቸዋለሁ፤ እዚህች ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። እንግዲህ ከነስሙ ልጥራው፦ እኔ በሐሰት መስክሬ አንዲት እናት ከነልጃቸው ከአገራቸው አስነቅያለሁ።

በደርግ መጨረሻ ዓመታት ደባርቅ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ለመሥሪያ ቤቱ በእርዳታ አንድ ኮምፒውተር መጣ። አዲስ አበባ ሦስት ሳምንት ሠልጥኜ ስመለስ ጉራዬ ለጉድ ነበር፤ ከሊማሊሞ ወዲህ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ የሆንኩ መሰለኝ። ፕሪንተሩ ግን ከጎንደር የተላከ አሮጌ ዕቃ ሆኖ ተገኘ። ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ገመድም ጠፍቷል። “ችግር የለም፣ ገመዱን እኔ እሠራዋለሁ” አልኩ። ማን ጠየቀኝ? ማንም አልጠየቀኝም።

ወይዘሮ የሺ የመሥሪያ ቤቱ ታይፒስት ነበሩ። ባላቸው ሞተውባቸው አንዲት ትንሽ ልጅ ያሳድጋሉ። ታይፕ ሲመቱ ጣታቸው አይታይም። ፕሪንተሩ አቧራ ለብሶ ሲመጣ አይተው አላስቻላቸውም፤ የታይፓቸውን ፊደላት የሚያጸዱበትን ነጭ ጋዝ የነካው ጨርቅ ይዘው መጡና ጠራረጉልኝ።

“እኔስ ታይፔ አልሄድ ሲለኝ እንዲህ ነው የማደርገው፣ ጌታሁን” አሉኝ።

እኔም አጠገባቸው ቆሜ “እግዜር ይስጥልኝ” ብያለሁ። አዎ፣ አመስግኛቸዋለሁ።

ከአሮጌ የስልክ ሽቦ ገመዱን ሠራሁ። ጫፎቹን በሁለቱ መሰኪያዎች ላይ በየቁጥራቸው በየድኩ፤ አንድን ከአንድ፣ ሁለትን ከሁለት፣ ሦስትን ከሦስት። ጀነሬተሩ ተነሣ፣ ኃላፊያችን መጥተው ከኋላዬ ቆሙ፣ ቁልፉን ተጫንኩ። ፕሪንተሩ ጭጭ አለ። ደግሜ ተጫንኩ። ጭጭ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ከረመ። ከጎንደር እንግዶች ሊያዩት እየመጡ ነበር።

ያን ጊዜ በየሳምንቱ ሒስና ግለ ሒስ የሚባል ስብሰባ ነበረን። አንዱ ሌላውን ይተቻል፣ የተተቸው ተነሥቶ ጥፋቱን ያምናል። ኃላፊው “ማሽኑ ምን ሆነ?” ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔም አፌን ከፍቼ “ወይዘሮ የሺ ነጭ ጋዝ አስነክተውታል” አልኩ። ጋዙ ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር። አለማወቄን ግን አሳምሬ አውቅ ነበር።

አንዱ ከኋላ “ኮምፒውተር ሲመጣ ታይፒስትነቱ ሊቀርባት ነዋ! ይሄ አሻጥር ነው!” አለ። አሻጥር የምትባል ቃል በዚያ ዘመን ሰው ላይ ስታርፍ ምን እንደምታመጣ የኖረበት ያውቃል። ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች።

ወይዘሮ የሺ ቀስ ብለው ተነሡ። “ለተንኮል አይደለም፣ ጓዶች። በእጄ መንካቴ ግን እውነት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው” አሉ። የእኔን ኃጢአት እሳቸው ተናዘዙት። ወደ ዛሪማ ይዛወሩ ተባለ፤ ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከነልጃቸው።

በሦስተኛው ቀን የሥልጠና ደብተሬን ገለጥኩ። በገዛ እጄ ጽሕፈት “ሁለትና ሦስት ይሻገሩ” ይላል። ለካ ኮምፒውተሩም ፕሪንተሩም በአንዱ ቁጥር ይናገራሉ፣ በሌላው ይሰማሉ፤ እኔ አፍን ከአፍ፣ ጆሮን ከጆሮ ገጥሜአቸዋለሁ። ሁለቱን ሽቦዎች አቀያየርኩ። ፕሪንተሩ እየጮኸ ይጽፍ ጀመር። ባልደረቦቼ አጨበጨቡ። ኃላፊው “እንዴት አደረግኸው?” ቢሉኝ “ጋዙን አደረቅሁት” አልኩ።

መጀመሪያ የተናገርኩት ጨንቆኝ ነው እንበል። ያን ቀንስ? ያን ቀን እውነቱን አውቄዋለሁ። ወይዘሮ የሺም ገና አልሄዱም፤ ዕቃቸውን እየሸከፉ ነበር። ቤታቸው ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ ነው። ልሄድ እችል ነበር፣ አልሄድኩም። ምን ፈራሁ? እስር? አይደለም። “ለካ አያውቅም” መባልን ነው የፈራሁት። ለዚህች ብዬ አንዲት እናት ሸጥኩ። ልጃቸውን ዛሪማ ላይ ወባ እንደጣላት ሰማሁ፤ መትረፏንም ሰማሁ። ሁለቱንም ሰምቼ ዝም አልኩ።

ባለፈው ወር ዳባት ውስጥ ፎቶ ኮፒ ላስነሣ አንድ የጽሕፈት አገልግሎት ሱቅ ገባሁ። ከበሩ አጠገብ የተቀመጡት አሮጊት ትክ ብለው አዩኝና “ጌታሁን!” ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። ወይዘሮ የሺ ናቸው። ቤቱ የልጃቸው ነው፣ የዚያች ወባ የጣላት። ደንበኛው ተሰልፏል፣ እሷ ኮምፒውተሩ ላይ በሁለት ጣት ፊደል ትለቅማለች።

“እርስዎ ለምን አያግዟትም?” አልኩ።

“ተወኝ፣ የእኔ እጅ ለኮምፒውተር አይሆንም። ያንተን አበላሽቼብህ የለ? ለመሆኑ ተሠራልህ?”

ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ይረግሙኛል ብዬ ስፈራ፣ እሳቸው ለካ ውሸቴን አምነው ራሳቸውን ሲከሱ ኖረዋል። “ተሠራ” ብቻ ብዬ ወጣሁ። እንቅልፍ አጣሁ። ባለፈው ሳምንት ተመልሼ ሄድኩና በልጃቸው ፊት ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ደብተሩንም፣ ሽቦዎቹንም፣ ጭብጨባውንም። ይቅር ይበሉኝ ብዬ ጎንበስ ስል እጃቸውን አነሡ።

“ቆይ! ያኔ የተናገርከው በሸንጎ ነው፤ ዛሬ ለእኔ ብቻ በጆሮዬ? ጻፈው። ጽፈህ አምጣ፣ እኔ ራሴ እመታዋለሁ፤ ያኔ የነበረ ሁሉ ያነበዋል።” ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። “አንቺ ደግሞ ምን ታፈጪብኛለሽ? ተነሺ፣ እስኪ እኔ ልቀመጥበት። ‘ሀ’ የትኛው ጋ ነው?”

ይኸው ጽፌዋለሁ። ልጅ ነበርኩ አልልም። ዘመኑ ነው አልልም፤ ዘመኑ ደብተሬን አልደበቀብኝም። ወይዘሮ የሺ፣ አሁን ይህንን መስመር በጣትዎ እየመቱት ነው። ማሽኑን ያበላሹት እርስዎ አይደሉም። እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።